የፋብሪካው አማና

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውሰውም። ቀኑን ተናገር ብትሉኝ እዋሻለሁ። የማስታውሰው ባለሱቆች ፌስታል መስጠት የፈሩበት፣ ሴቶችም የተውትን ዘንቢል ከጓዳ አውጥተው አቧራውን ማራገፍ የጀመሩበት ሰሞን መሆኑን ነው። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ እስከ ረፋድ አይነሳም ነበር። ግን ጭጋግ ለደሴ ምልክት አይሆንም፤ መች ጠፍቶ ያውቃል።

ሥራዬ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ መልቀም ነው። ሰዉ ቆራሌው ይለኛል እንጂ እኔ ቆርቆሮም ብረትም አልነካም፤ ወገቤ አይችልም። ፕላስቲክ ለሽማግሌ ደግ ነው፣ አይከብድም። ሱብሂ ሰግጄ እወጣለሁ። መጀመሪያ የፒያሳ ሆቴሎች ጓሮ፣ ቀጥሎ መናኸሪያ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሠርግ የዋለበት አዳራሽ። የለቀምሁትን ክዳኑን ፈትቼ ለብቻ አኖራለሁ፣ ጠርሙሱን በተረከዜ እረግጠዋለሁ። ካልረገጡት የሚሸከሙት አየር ነው። ጆንያው ሲበዛ በጭነት መኪና የሐረጎን ቁልቁለት አውርጄ ኮምቦልቻ ለተረካቢ አስረክባለሁ።

ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ በትንሽ ቢላዋ የጠርሙሱን ወረቀት ትልጣለች። ተረካቢ ወረቀት ያለበትን አይወድም። እኔ ልልጥ ስሞክር ከጠርሙሱ ጋር ጣቴን እልጣለሁ፤ እሷ ግን ወሬ እያወራች፣ ሳታይ ትልጠዋለች።

ስኳር አለባት። ጧትና ማታ መርፌዋን ራሷ ትወጋለች። ብልቃጡን ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልላ ትንሽ እንስራ ውስጥ ታኖረዋለች። መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያ ሲጠፋ ከግል መድኃኒት ቤት እንገዛለን፤ የምንገዛበት ያው ፕላስቲኩ ነው። እኔ ካልለቀምሁ እሷ አትወጋም። ይህን ማንም ሳይነግረኝ አውቀው ነበር። እያወቅሁ ነው ያጠፋሁት።

አንድ ቀን የሚለቅም ሁሉ ቀበሌ ይምጣ ተባልን። አዳራሹ ውስጥ ሰደርያ የለበሰ፣ አንደበቱ የረጋ ወጣት ከከተማው ጽሕፈት ቤት መጥቶ ቆመ። አዲስ ሕግ ወጥቷል አለን። ከእንግዲህ ፕላስቲክ ያመረተ ፋብሪካ ሸጦ እጁን አራግፎ አይሄድም፤ ያወጣውን መልሶ የመሰብሰብ ኃላፊነት የእሱ ነው። ፋብሪካዎቹ ከማህበራት ጋር ውል ይይዛሉ፤ መሰብሰቡም በባጅ፣ በሥርዓት ይሆናል።

ከኋላዬ አንዲት ለቃሚ ሴት ነበረች፤ ምላሷ የሰላ፣ ከእኔ ጋር በየጓሮው የምትሻማ። እጇን ሳታወጣ ጮኸች።

«ታዲያ እስከ ዛሬ የጣሉትን ልጅ እኛ ስናሳድግላቸው ነበራ! የማሳደጊያውን ይክፈሉና!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ወጣቱም ሳቀ። እኔ ግን ተነሳሁ።

«ልጄ፣ መንገድ ላይ ወድቆ ያለውም የፋብሪካው ነው?»

«የፋብሪካው ኃላፊነት ነው፣ አባባ።»

«ሰው ጠጥቶ የጣለው?»

«ቢጣልም። እስከ መጨረሻው ድረስ የአምራቹ ነው።»

ተቀመጥሁ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም።

እኔ ያደግሁት ደሴ ዙሪያ ነው፣ ገበሬ ቤት። እኛ ዘንድ ወድቆ የተገኘ ነገር ባለቤት እንዳለው ከታወቀ አይበላም። ልጅ ሳለሁ አባቴ ከሰኞ ገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ አንድ ቡልኮ ወድቆ አገኘ። በማግስቱ ተመልሶ አስለፈፈ፤ በየሰኞውም አስለፈፈ። ባለቤቱ ሳይገኝ ክረምት ገባ። ቡልኮው ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ፣ እኛ ልጆቹ ከሥሩ ተቃቅፈን እየተንቀጠቀጥን እንተኛ ነበር። እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ «ለልጆቹ ጣል ብናደርገውስ?» አለችው። አባቴ «አማና ነው፣ የሰው አደራ» አለ፤ በዚያው አለቀ። ባለቤቱ በበጋ መጥቶ ወሰደው። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ይህን ግን ከፊደል በፊት ነው የተማርሁት።

እንግዲህ ያን ቀን ቤቴ ስገባ የግቢዬ ጆንያ ሁሉ እንደዚያ ቡልኮ ሆኖ ታየኝ። ገመድ አንስቼ አፋቸውን ማሰር ጀመርሁ።

«ምን ሆነሃል? ገና ወረቀቱን አልጨረስሁም» አለች ባለቤቴ።

«ተይው። የሰው ነው።»

«የማን ሰው?»

«የፋብሪካው። ዛሬ በስብሰባ ተነገረን።»

ቢላዋዋን ጉልበቷ ላይ አኑራ አየችኝ። «አንተ ሰው፣ ትላንት ከቱቦ ጎትተህ ያወጣኸውን? አይጥ የሸናበትን?»

«አይጥ ቢሸናበትም ሐቅ ሐቅ ነው።»

«ኧረ በነቢ! እንግዲያ ሸሁን ጠይቅ። ሐላል ሐራሙን እሳቸው ይንገሩህ።»

«የተገለጠ ነገር አይጠየቅም» አልኋት።

እንዲህ ብዬ መለስሁላት። ሸሁ ቤታቸው ከእኛ ቤት የድንጋይ ውርወራ ነው። አልሄድሁም። ያኔ ስለ እውነት የቆምሁ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ኩራትም ነበረበት። አባቴን መምሰል አማረኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መልቀም ተውሁ። ሰኞ ገበያ ሄጄ የሽንኩርት ጆንያ ልሸከም አልሁ። አንድ ቀን ተሸከምሁ፤ በሁለተኛው ቀን ወገቤ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጧት ከቤት እወጣለሁ እንጂ የምሠራው የለኝም። ከቤት የምወጣውም ባለቤቴ ፊት ሥራ ፈትቼ እንዳልቀመጥ ነው። ፒያሳ በሆቴሎቹ ጓሮ አልፋለሁ፤ ፕላስቲኩ ተከምሮ ያየኛል፣ አየዋለሁ፣ አልፋለሁ። የተራበ ሰው በሰው ማሳ መሐል ሲሄድ እንዲያ ነው።

ያቺ ምላሰኛ ለቃሚ አንድ ቀን ቧንቧ ውሃ አካባቢ አገኘችኝ።

«አባባ፣ ያውልዎ፣ እግርዎ ሥር! አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«የእኔ አይደለም።»

ጎንበስ ብላ አነሳችውና ክዳኑን ፈተለችው። «እንግዲያ የእኔ ነው። ሸህ ፕላስቲክ! ዱዓ ያድርጉልኝ እንጂ፣ የእርስዎንም ድርሻ ወስጄልዎታለሁ!»

ስሙ ወጥቶልኝ ቀረ። ሰፈሩ ሁሉ ሸህ ፕላስቲክ ይለኝ ጀመር። ይህ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ እቤት ያለው ብልቃጥ ነበር።

በየማታው እጠይቃታለሁ። «መርፌሽ አለ?»

«አለ፣ አልሐምዱሊላህ።»

አላምናትም፤ ከእንስራው አውጥቼ ወደ ብርሃን አነሳዋለሁ። ግማሽ ነው። በማግስቱም ግማሽ ነው። በሳምንቱም ከግማሽ ዝቅ ያለ አይመስልም። እኔ በረካ መሰለኝ። አላህ ሐቅ ለጠበቀ ሰው ብልቃጡን ባረከልኝ ብዬ፣ ሰግጄ አመሰገንሁ። እስቲ አስቡት፤ ያን ጊዜ እሷ ከሲታ ሆናለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ትጠጣለች፣ ጥሟ አይበርድም። ደጃፍ ላይም መቀመጥ ትታለች። የምትልጠው የላትምና ነው እል ነበር።

አማና ደግሞ ቤት ሲቆይ ይከብዳል። ጆንያዎቹ ግቢውን ሞልተው፣ ጧት በወጣሁ ቁጥር ፊት ለፊት ቆመው ያዩኛል። ባለቤቱ የሚታወቅ ዕቃ ለምን ይለፈፋል፣ ለምን አልመልሰውም? አልሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ምልክት አብዛኛው የአንድ ፋብሪካ ነው፤ እሱም ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ያለ። ድሮ የሚያወርድልኝን ሾፌር ለመንሁት።

«ስንት ይሸጡታል?» አለኝ ሲያስጭን።

«አልሸጠውም። ልመልሰው ነው።»

ገመዱን ለቆ ተመለከተኝ። «አባባ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ስነዳ ሰው ቆሻሻ ሲያሸሽ እንጂ ሲመልስ አላየሁም። ይውጡ እስቲ፣ ከእርስዎስ አልቀበልም፤ የእብድ ኪራይ አያበረክትም።»

ባለቤቴ ተኝታ ነበር። «ልመልሰው ነው» ስላት «አላህ ያግራልህ» አለችኝ፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ነው።

ሐረጎን ስንወርድ ጭጋጉ ከላያችን ቀርቶ ሙቀቱ ከታች ተቀበለን። ሾፌሩ ጆንያዎቹን ፋብሪካው በር ላይ አራገፈልኝና ሄደ። በሩ ላይ አንዲት ጥበቃ ቆማለች፤ የጎለመሰች ሴት፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች፣ የጥበቃ ቆቧን ከሻሿ በላይ የደፋች።

«ምንድን ነው አባቴ? እዚህ ማራገፍ አይቻልም።»

«የእናንተው ነው፣ ልጄ። አማና ነው። ባለቤቱን ጥሪልኝ።»

ጆንያውን ገልጣ አየች፣ እኔንም አየች። አልሳቀችም። ገብታ አንድ ኃላፊ ይዛ መጣች፤ ሸሚዙ የነጣ፣ ስልኩን ከጆሮው የማያወርድ ሰው ነው።

«ማን ነው የላከህ?» አለኝ።

«ማንም አልላከኝም።»

«ካሜራ የያዘ ሰው አለ አብሮህ? ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነህ?»

«ከደሴ ነኝ» አልሁት። ሌላ ምን እላለሁ። ከጆንያው አንድ ያልተላጠ ጠርሙስ አውጥቼ ወረቀቱን አሳየሁት። «ይኸው ምልክታችሁ። ሕጉ የእናንተ ነው ብሏል። ሳላውቅ የበላሁትን ዐውፍ ብላችሁ ይቅር በሉኝ፤ ይህን ተረከቡኝ።»

«ስማ፣ እኛ በሕጉ መሠረት ለማህበር ውል ሰጥተናል፣ ሪፖርታችንን እንልካለን። ከበራችን ላይ ቆሻሻ አንረከብም። የጠጣው ሰው ይጠየቅ! አንሳልኝ።»

ገባ። በሩ ተዘጋ።

መቸም ሰው ብዙ ዓይነት ጭንቅ ያያል። እኔ ጦርነትም፣ ረሃብም አይቻለሁ። የዚያን ቀኑ ግን ሌላ ነው። ባለቤት አለው የተባልሁትን ይዤ ባለቤቱ ደጅ ቆሜ፣ ባለቤቱ የእኔ አይደለም ይላል። ልተወው አልችልም፣ ልወስደው አልችልም። የምሄድበት መኪናም የለኝ። ፀሐይዋ አናቴን ትበሳዋለች። ባለቤቴ ብቻዋን ተኝታለች። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ያ ግማሽ ሲያልቅ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ይባስ ብሎ አንድ ደንብ አስከባሪ መጣ። «ሽማግሌ፣ መንገድ ዳር ቆሻሻ መጣል እንደሚያስቀጣ አያውቁም?»

«አልጣልሁም። እየመለስሁ ነው።»

«የሚመለስ ቆሻሻ የለም። እስክመለስ ካልተነሳ እርስዎም ቆሻሻውም ጣቢያ ትገባላችሁ።»

ወዲያው ነፋስ ተነሳ። አንዱ ጆንያ ወድቆ አፉ ተፈታና ፕላስቲኩ በአስፋልቱ ላይ እየተንኮሻኮሸ ሄደ። ተነስቼ ተከተልሁት። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያ ወገቤ፣ በመኪና መሐል ጎንበስ ቀና እያልሁ የጠርሙስ ውራጅ ሳሳድድ ዕንባዬ መጣ። ቀና ስል ጥበቃዋ ሻሿን አጥብቃ፣ ቆቧን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ከወዲያ ማዶ ትለቅማለች። የጥበቃ ቦታዋን ጥላ ነው የመጣች።

ለቅመን ስንጨርስ ከግንቡ ጥግ አስቀመጠችኝ፣ ውሃም ሰጠችኝ። ለምን እንዲህ እንደሆንሁ ጠየቀችኝ። ስለ ስብሰባው፣ ስለ ቡልኮው፣ ስለ ባለቤቴ መርፌ ነገርኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አባቴ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ሕጉን እኔም በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ሸክሙን ነው የጫነባቸው እንጂ ሀብት አልሰጣቸውም። ሸክማቸውን ባቃለሉላቸው እርስዎ ሌባ ይሆናሉ?»

«የስብሰባው ወጣት የአምራቹ ነው ብሎኛል፣ በጆሮዬ።»

«ይሁን፣ የእነሱ ነው እንበል። ባለቤቱ በምስክር ፊት ሐላል ካለዎትስ?»

«እንግዲያማ ያልቃል» አልሁ። «ማን ይለኛል ግን?»

ተነስታ ወደ በሯ ተመለሰች። አሥር ሰዓት አለፍ ሲል የኃላፊው መኪና ሊወጣ በሩ ጋ ደረሰ። ከመንገዱ ማዶ ሻይ የምትሸጠውን ሴትና አንድ የፋብሪካውን ጫኝ ጠርታ ከጎኔ አቆመቻቸው። በሩን አልከፈተችም። መስኮቱን አንኳኳች።

«ጌታዬ፣ አንዲት ቃል ብቻ። እኒህ አባት ያለ እርስዎ ቃል አይሄዱም።»

«አልፈልገውም ብያለሁ እኮ! ይውሰደው!»

«እሱ ለእሳቸው አይበቃም። ሐላል ይሁንልዎ ይበሏቸው።»

ሰውዬው ሳቁ አመለጠው። «ሐላል ይሁንልህ፣ ፋዘር።»

«ሳይስቁ» አለች።

ወላሂ እንዲህ ነው ያለችው። እንጀራዋ ሰውዬው እጅ ላይ ነው፤ እጇ ግን የበሩ መቀርቀሪያ ላይ ነው። ሰውዬው መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ ግን ዞሮ ፊቴን አየው። ምን እንዳየበት አላውቅም። ስልኩን አወረደ።

«ሐላል ይሁንልዎ፣ አባቴ። የወሰዱትም፣ የሚወስዱትም» አለ።

በሩን ከፈተችለት።

ከዚያ አንዱን ጆንያ በአንድ በኩል ይዛ፣ ፋብሪካው ውል ወደሰጠው ማህበር መጋዘን ወሰደችኝ። ከበሩ እምብዛም አይርቅም። ጫኙ የቀረውን በጋሪ አመጣልን። የማህበሩ ሰብሳቢ የጠርሙሶቹ ወረቀት የተላጠ መሆኑን አይታ «ይህን የላጠ እጅ ይባረክ» አለች። «እኛ ከደሴ የሚያመጣልን አጥተን ስንቸገር የት ከርመው ነው?» ሽማግሌ አይመዘገብም ወይ ስላት ሳቀችብኝ። ባጅ በዚያው ተጻፈልኝ። ያ ሁሉ ሰሞን የተዘጋብኝ የመሰለኝ በር ለካ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ያልገፋሁት እኔው ነኝ።

ሐረጎን ስወጣ ማህበሩ የከፈለኝን የመርፌዋን ገንዘብ በኪሴ ይዤ ነበር፤ በመንገዴም ገዛሁ። ቤት ገብቼ አዲሱን ብልቃጥ ከእንስራው ላኖር ስል የቆየውን አነሳሁት። አሁንም ግማሽ ነው።

«ተመለሰልህ?» አለችኝ ከተኛችበት።

«ባለቤቱ ሐላል አለኝ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ብርድ ልብሱን ከእግሯ ላይ ገለጠችው።

ሁለቱ ጣቶቿ ጠቁረዋል። ጠረኑን ያን ጊዜ ነው ለይቼ ያወቅሁት። መርፌዋን አንድ ቀን እየዘለለች፣ በወጋች ቀንም ከልኳ እየቀነሰች፣ እንዳልሰጋ ብላ ብልቃጡን ስታቆይልኝ ከርማለች። እኔ በረካ ያልሁት እሱ ነው። የፋብሪካ ሐቅ እጠብቃለሁ ብዬ የሚስቴን ሐቅ በላሁ።

ሆስፒታል ጣቶቿን ቆረጧቸው። እግሩ ተርፏል ቢሉኝም አላመንሁም፤ በየቀኑ ብርድ ልብሱን እየገለጥሁ አያለሁ። ዐውፍ በይኝ እላታለሁ፤ ዝም ትለኛለች። አትቆጣም፣ አትሰድብም። ቀኖቹን አልቆጠርኋቸውም። ከአልጋዋ ሥር ሲሚንቶው ላይ ተኝቼ፣ አልጋ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እነሳ ነበር።

አንድ ቀን ያቺ ጥበቃ ከኮምቦልቻ መጣች። የዕረፍት ቀኗ ነው። ለሕመምተኛ ሰው ብርቱካን ያመጣል፤ እሷ የገብስ ቆሎ በዘንቢል፣ በሌላ እጇ ደግሞ አንድ ጆንያ ያልተላጠ ፕላስቲክ ይዛ ገባች። ጆንያውን ከአልጋው እግር አስደግፋ ባለቤቴን ሳመቻት።

«በማርያም፣ ይህ ከምጠብቀው በር ላይ የለቀምሁት ነው። እጅዎ እንዳይቦዝን ብዬ ነው፣ እናቴ።»

ከዚያ ተቀምጣ ያን ቀን የሆነውን አጫወተቻት። እኔ ፕላስቲክ ሳሳድድ እንዴት እንደነበርሁ እያስመሰለች፣ ኃላፊው መስኮቱ ውስጥ እንዴት እንደተቁለጨለጨ እያስመሰለች። «ሳይስቁ አልሁት» ስትል ባለቤቴ አንሶላውን አፏ ላይ ያዘች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምታለቅስ መስሎኝ ብድግ አልሁ። እየሳቀች ነበር። ስንት ጊዜዋ ነው።

ዞራ አየችኝ። «በል፣ ሐላል ይሁንልህ» አለችኝ። «ሳልስቅ ማለት ግን አልቻልሁም።»

አሁን ደጃፏ ላይ፣ እግሯን በተደፋ ሳፋ ላይ አሳርፋ ትልጣለች። እኔም ባጄን አንጠልጥዬ እለቅማለሁ፤ ማህበሩ ሲረከብ እንበላለን፣ ከፋብሪካው ጋር ሲጣላ እንጨነቃለን። ማታ ማታ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሳለሁ፤ ጎድሎ ሳየው ነው ደስ የሚለኝ። አንዳንድ ጊዜ ያ የፋብሪካው ደጅ ቀን ከእንቅልፌ ጋር እየመጣ ያስደነግጠኛል፤ አስፋልቱ ላይ ብቻዬን ጎንበስ እንዳልሁ እቀራለሁ።

ያን ጊዜ ማን አሻገረህ ብትሉኝ፣ እንጀራዋን እንዳልነካባት ስሟን አልጽፍም እንጂ፣ ያቺ ባለማተብ የፋብሪካ በር ጠባቂ ናት።